ሐዲዱ፣ ቦዩና በሰቃ

በርበሬ በረንዳ ያደገ ልጅ ጂኦግራፊን በአፍንጫው ነው የሚማረው። ማረቆና አላባ ማለት ሲወቀጥ ሰፈሩን ሁሉ የሚያስነጥስ በርበሬ ነው፤ ከፋ ኮረሪማ ነው፤ ቴፒ እርድ ነው፤ አፍዴራ ጨው ነው። ክፍል ውስጥ ካርታ ከማየቴ በፊት አገሩን በጆንያ አውቀው ነበር። አንድ ስም ብቻ ሽታ አልነበረውም። መተሐራ። ስኳር አይሸትማ። ስሙን የምንሰማው ደግሞ ስኳር ሲጠፋ ነው። የሸማቾች ሱቅ በር ላይ ፌስታል ይዛችሁ ተሰልፋችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ አይጠፋችሁም፤ ሰልፉ ውስጥ አንድ ሁሉን አዋቂ ይኖራል፣ «መተሐራ ለጥገና ቆሟል» ይላል። ሌላው «ኧረ የቆመው ወንጂ ነው» ብሎ ይከራከረዋል። መተሐራ ከተማ ይሁን ማሽን ይሁን ግን ከመሃላችን የሚጠይቅ አልነበረም።

ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በፈንታሌ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ የባቡርና የመስኖ ከተማ። የሄድኩት በዩኒቨርሲቲ የዶርም ጓደኛዬ ምክንያት ነው፤ እሱ የመተሐራ ልጅ ነው፣ አባቱ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምድር ባቡር ውስጥ ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁለት ቀን ብቻ ቆየሁ። ከተመለስኩ በኋላ ግን ማታ ማታ ኮድ መጻፌን ትቼ ስለዚያች ከተማ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ያነበብኩት ሁሉ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚያመጣኝ ወደ አንድ ነገር ነበር፤ ወደ ውሃ።

ከአዳማ በኋላ መንገዱ መውረድ ይጀምራል። ወለንጪቲን እንዳለፋችሁ ሚኒባስ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጃኬቱን ያወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል፣ የሚገባው አየር ግን ከውስጡ የባሰ ይሞቃል። ግራር፣ አቧራ፣ ግመል፣ ከዚያ ደግሞ እንደ ተቃጠለ ዳቦ የጠቆረ ድንጋይ። «በረሃ» ስል ሰሃራን እንዳታስቡ። እኛ ደገኞች ወናፍ የመሰለ አየር የሚነፍስበትን ቆላ ሁሉ በረሃ ነው የምንለው። መተሐራ በዓመት ወደ 500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ችግሩ ሙቀቱ ከዚያ እጥፍ በላይ መልሶ መውሰዱ ነው። ያለ ወንዝ እዚያ ማረስ አይቻልም። ወንዙ ደግሞ አዋሽ ነው።

ከተማዋ ልትገቡ ስትሉ መንገዱ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ማጋነን አይደለም፤ ውሃው በቀኝም በግራም ነው። አስፋልቱ ድንጋይ ተሞልቶ ከፍ በተደረገ መደብ ላይ ነው የሚሄደው። በውሃው ውስጥ የደረቁ ዛፎች ቆመዋል። ዛፍ ውሃ ውስጥ አይበቅልም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ እዚያ ደረቅ መሬት ነበር ማለት ነው። «በሰቃ ነው» አለኝ ጓደኛዬ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል። ለእሱ ብርቅ አይደለም።

ሐይቁን ለጊዜው እናቆየው፤ ባቡሩ ይቀድማል።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር ግንባታ ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነው፣ ከአድዋ ሁለት ዓመት በፊት። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀመረ፣ በ1895 ታኅሣሥ አሁን ድሬዳዋ የምንላት ቦታ ደረሰ። ሐረር ይደርሳል የተባለው ባቡር ተራራውን መውጣት ስላልቻለ ሥሩ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ ስሟም «አዲስ ሐረር» ነበር። እዚያ ላይ ኩባንያው ከሰረ። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያን በሐዲዱ ባለቤትነት ሲናቆሩ፣ ምኒልክም አገራቸውን በሐዲድ በኩል እንዳይወስዱባቸው ሲጠነቀቁ ዓመታት አለፉ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ መስመሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። ጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ።

ከድሬዳዋ በኋላ መሐንዲሶቹ የመረጡትን መንገድ ካርታ ላይ ስታዩት ምክንያቱ ወዲያው ይገባችኋል። ደጋውን ሸሽተው በስምጥ ሸለቆው ሜዳ ሄዱ፣ አዋሽን ተሻገሩ፣ ከዚያ በመተሐራና በአዳማ በኩል ቀስ እያሉ ወጡ። ከሕዝብ ብዛት ወይም ከገበያ ጋር አይገናኝም፤ ዳገት ነው የወሰነው። በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር ደግሞ ተጠማኝ ፍጡር ነው፤ በየተወሰነ ርቀት ውሃ መጠጣት፣ ማገዶ መጫን አለበት። እናም ምንም ያልነበረበት ሜዳ ላይ ጣቢያ ይተከላል፤ ጣቢያው ውሃ መቅጃ፣ የሠራተኛ ቤት፣ ሻይ የምታፈላ ሴት፣ ዶሮና እንቁላል የሚሸጥ ልጅ ያመጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ከተማ» ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ነው፣ ማደሪያው አንድ ቀን ድሬዳዋ፣ አንድ ቀን አዋሽ። የአዋሽ ሰባት ኪሎው የጣቢያ ሆቴል፣ ሰው ሁሉ «ቡፌ» የሚለው፣ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። መተሐራ ይህን ያህል ክብር አልደረሳትም። የሚያልፍባት እንጂ የሚያድርባት አልነበረም።

የጓደኛዬ አባት አሮጌውን ጣቢያ ሲያሳዩኝ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ይሄን ያህል ዓመት ነቅነቅ አላለም» አሉ። ሐዲዱ ላይ ሣር በቅሏል፣ አንዳንድ ቦታም ጭራሽ የለም። «ጋሼ፣ የድሮው ባቡር ምን ያህል ሰው ይዞ ይመጣ ነበር?» አልኳቸው። ሳቁ። «የሰውን ተወው፤ ዕቃው ነው እንጂ! ሴቶቹ ከድሬ ሲመጡ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርበው ነበር የሚሳፈሩት፣ ኬላ ላይ እንዳይወረስባቸው። አንቺ መቼ ወፈርሽ ይላል ፈታሹ።» ያ ሁሉ ቀሚስ የት እንደሚሄድ መገመት ለመርካቶ ልጅ ከባድ አይደለም። ፉርጎ፣ ለገሃር፣ ቡፌ፣ እነዚህን የፈረንሳይ ቃላትም ያመጣልን ያው መስመር ነው።

ከባቡሩ በፊት ግን ቦታው ባዶ አልነበረም። ይህን ነገር በብዙ የባቡር ታሪኮች ላይ ያጣሁት ስለሆነ ቆም ልበልበት። የመተሐራ ሜዳ የከረዩ ኦሮሞዎች ነው፤ ከብት፣ ግመልና ፍየል አርቢዎች። አኗኗራቸው ለአንድ መሐንዲስ የሚያምር ሥርዓት አለው። ዝናብ ሲጥል ከወንዙ ርቀው ይሰማራሉ፣ ሜዳው በዚያን ጊዜ ሣር አለው። በጋው ሲጠና ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳሉ፤ ወንዙ ዳር ያለው ሣር የተጠበቀው ለዚያ ነው። ያቺ የወንዝ ዳር መሬት ከጠቅላላው ስፋት አንጻር ትንሽ ትመስላለች፣ ካርታ ላይም «ሥራ ፈት» ነው የምትመስለው፤ ነገር ግን ሁሉም የተንጠለጠለው እሷ ላይ ነው። እሷን ብታነሷት የቀረው ሰፊ ሜዳ ብቻውን ከብት አያሳድርም።

ባቡሩ ይህን ብዙም አልነካውም፣ ቀጭን መስመር ነበር። የነካው ስኳሩ ነው።

ኤች.ቪ.ኤ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ በጃቫ ደሴት ሸንኮራ ሲያለማ የኖረ ነው። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ሌላ ሞቃት አገርና ሌላ ወንዝ መፈለግ ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተስማማ፤ ወንጂ በ1946 ዓ.ም ስኳር አወጣ። ቀጥሎ በ1952 የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ፣ ከጣሊያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ። ግድቡ የተሠራው ለመብራት ቢሆንም አዋሽን ገራው፤ ክረምት ከበጋ ውሃው የሚጠበቅ ሆነ። የሚጠበቅ ውሃ ማለት ደግሞ ከቆቃ በታች ያለው ሸለቆ ሁሉ ለመስኖ ተከፈተ ማለት ነው። ኤች.ቪ.ኤ ወደ መተሐራ ወረደ፤ ፋብሪካው በ1962 ገደማ ሥራ ጀመረ። ዛሬ የሸንኮራው ማሳ ወደ 10 ሺህ ሄክታር ይደርሳል። በተመሳሳይ ዓመታት የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ፣ 750 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ከላይ በኩል ደግሞ ኑራ ኢራ ብርቱካን፣ መርቲ ቲማቲም ሆኑ። የመርቲን ድልህ ቆርቆሮ የማያውቅ ሱቅ በርበሬ በረንዳ ውስጥ አለ ብዬ አላምንም።

ከረዩዎች በአንድ በኩል ሸንኮራ፣ በሌላ በኩል ፓርክ ዘጋባቸው። የበጋ መሬታቸው ሄደ። ፋብሪካው ሲተከልም የቀን ሠራተኛውና አገዳ ቆራጩ በብዛት የመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታ። ሜንጫ ይዞ በዚያ ሙቀት፣ ቅጠሉ ከተቃጠለ በኋላ ጥላሸት ውስጥ ገብቶ መቁረጥ ነው ሥራው። ደርግ በ1967 ፋብሪካውን ወረሰው። ባለቤቱ ተቀየረ፣ ቦዩ ግን የሚሄድበት አልተቀየረም፤ መሬቱም ለከረዩ አልተመለሰም። ስለ «ልማት» ሳስብ አሁን አሁን የሚመጣብኝ ይሄ ነው፤ ሦስት መንግሥት አለፈ፣ በሦስቱም ውስጥ አንድ ቦይ አንድ ዓይነት ውሃ ወደ አንድ ዓይነት ማሳ ሲወስድ ኖረ።

አሁን ወደ በሰቃ።

በ1950ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ በሰቃ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሸፍን ኩሬ ነበረች። ጨዋማ ስለሆነች ሰውም ከብትም ብዙ አይፈልጋትም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 40 ካሬ ኪሎ ሜትር ደረሰች፣ ከዚያም አላቆመችም። በአገራችን ሐይቆች ሲደርቁ ነው የምንሰማው፤ ዝዋይ ጎደለ፣ አቢያታ ሸሸ፣ ሐሮማያ ደረቀ እንላለን። በሰቃ በተቃራኒው በሰው ዕድሜ ውስጥ ከ10 እጥፍ በላይ አደገች። ዝናቡ 10 እጥፍ አልጨመረም። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ?

ተመራማሪዎች ሁለት መልስ አላቸው። አንደኛው መስኖው ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ አካባቢ በሐይቁ አቅራቢያ አባድር የሚባለው እርሻ ተከፈተ፣ መጀመሪያ ለጥጥ፣ በኋላ ለሸንኮራ። ከአዋሽ የተጠለፈው ውሃ ማሳውን አጠጥቶ ሲተርፍ የሚሄድበት መፋሰሻ አልተሠራለትም ነበር፤ ግማሹ በላይ ፈስሶ፣ ግማሹ በሥር ሰርጎ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ሄደ። ዝቅተኛው ቦታ በሰቃ ናት። ሁለተኛው መልስ ከመሬት በታች ነው፤ ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት ስንጥቁ ይሰፋል፣ በሐይቁ ዳር ያሉት ፍል ውሃዎች የሚያመጡት ውሃ ይጨምራል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ብዙዎቹ ጥናቶችም ሁለቱንም ይዘው ነው የሚከራከሩት በመጠኑ ላይ ነው። እኔን ያሳመነኝ ግን የጨው ነገር ነው። በሰቃ እያደገች ስትሄድ ጨዋማነቷ በጣም ቀነሰ። ሾርባ ላይ ውሃ ሲጨመርበት እንደሚቀጥነው ማለት ነው። ይህን ያህል ለማቅጠን ብዙ ንጹህ ውሃ ያስፈልጋል፤ በዚያ ሙቀት በቅርብ የሚገኘው ንጹህ ውሃ ደግሞ አዋሽ ነው፣ አዋሽን ወደዚያ ያመጣው ቦዩ ነው። እንደኔ ፍርድ፣ ምድር የበኩሏን አድርጋለች፤ በሩን የከፈተው ግን ሰው ነው።

ሥራዬ ሲስተም መገንባት ስለሆነ ነገሩ ያውቀኛል። አንድ ቦታ ላይ የተጣለ ነገር የሚጠፋ ይመስላል፣ ሎግ የሚያየው የለም፣ ከዓመታት በኋላ ማንም ባልጠበቀው ሌላ ቦታ ይፈነዳል። ልዩነቱ የኛ ሲስተም ሲወድቅ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ማጣት ነው። በሰቃ ግን የግጦሽ መሬት ዋጠች፤ የመተሐራ ሰዎችን ቤት ደጃፍ ደረሰች፤ ራሱን የአባድርን ማሳ ከሥር በጨው መታችው። ሐዲዱንና አውራ ጎዳናውንም አልማረችም። ጅቡቲን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው ዋናው መስመር እዚያች ዳር ነው የሚያልፈው።

«ልጅ ሆነን ከብት እየነዳን በደረቅ እግራችን ነበር የምናልፈው» አሉኝ የጓደኛዬ አባት፣ ወደ ውሃው በአገጫቸው እያሳዩ። «ከዚያ ምድር ባቡር ተቀጠርኩ። አንድ ዓመት ድንጋይ እንሞላለን፣ ሐዲዱን ከፍ እናደርጋለን። ከጥቂት ዓመት በኋላ ውሃው ይደርስበታል፣ እንደገና እንሞላለን።»

«ተው እስቲ አባዬ፣ ስንቴ ሞላችሁ?» አለ ልጃቸው።

«እኔ ልቁጠረው እንጂ! ተራራ ነው የጨረስነው።»

ሐዲዱን በመጨረሻ የገደለው ግን ውሃው አይደለም፤ እርጅናው ነው። የአንድ ሜትሩ ሐዲድ በ1969 እና 70 የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮቹ ፈርሰው ተጠግኗል። ጥር 1977 ላይ አዋሽ አጠገብ ያለ ጥምዝ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ያልቀነሰ የመንገደኛ ባቡር ወደ ገደል ገብቶ 428 ሰው ሞቷል። በአፍሪካ እስከ ዛሬ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋ ተብሎ ይመዘገባል፤ አገሩ በሙሉ በረሃብ ላይ ስለነበር ይሁን እንጃ፣ የኛ ትውልድ ግን ስለሱ ሲያወራ አልሰማሁም። ሽማግሌው ድልድዩን ሲጠቅሱ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ከዚያ በላይ አልተናገሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ ባቡሩ እያነከሰ ቀጠለ፤ በ2000 ዓ.ም ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መሄዱን አቆመ።

አዲሱ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው፣ መስከረም 2009 ተመረቀ፤ ከ2010 ታኅሣሥ ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት ሰጠ። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሐዲዱ ሰፊ፣ ፍጥነቱም ከአሮጌው ጋር አይወዳደርም። ሠሪዎቹ የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፣ ገንዘቡም አብዛኛው የቻይና ብድር። በመተሐራ በኩልም ያልፋል። ቆሜ ሲያልፍ አይቼዋለሁ፤ ኮንቴይነር፣ ኮንቴይነር፣ ኮንቴይነር፣ ከዚያ ጸጥታ። እንቁላል የሚሸጥበት መስኮት የለውም። ባቡር የወለዳት ከተማ አሁን የምትኖረው በከባድ መኪና ነው፤ ሻይ ቤቱም፣ ጎሚስታውም፣ አልቤርጎውም ለሾፌር ነው የተከፈተው። መንገድ ዳር የግመል ወተት በቢጫ ጀሪካን የሚሸጡት የከረዩ ልጆችም ዓይናቸው መኪናው ላይ ነው። አንዳንዶቹ ቤተሰቦች የፈንታሌ መስኖ ከመጣ ወዲህ ሽንኩርት ማምረት ጀምረዋል፤ አባቶቻቸው በቦይ ምክንያት መሬት አጡ፣ ልጆቹ በቦይ መልሰው ሊኖሩበት እየሞከሩ ነው። እንደሚሳካላቸው እመኛለሁ። ግን ያ ውሃም ትርፉ አንድ ቦታ መሄዱ አይቀርም።

በ2017 መስከረም ምድር መንቀጥቀጥ ሲጀምር እኔ ቤት ነበርኩ፣ መርካቶ። አምፖሉ ተወዛወዘ፣ እናቴ «በስመአብ» አለች፣ ሰው ከፎቅ ወረደ። ስልኬ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት ለጓደኛዬ ነው። መንቀጥቀጡ የሚነሳው ከፈንታሌና ከዶፈን አካባቢ፣ ማለትም ከቤተሰቦቹ ጓሮ ነበር። ወራት ቆየ፤ የካቲት ላይ እስከ 6 ሬክተር ደረሰ። ከአፋርም ከኦሮሚያም በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው በድንኳን ሰነበቱ። ፈንታሌ ከ200 ዓመት በፊት ገደማ ቅልጥ ድንጋይ አፍስሷል፤ መንገዱ ላይ ያየሁት ጥቁር ድንጋይ ከዚያ ዓይነቱ ነው። አባትየው ከተማዋን ለቀው አዳማ ልጃቸው ጋ ለመሄድ እምቢ አሉ። ጣቢያው ነቅነቅ አላለም አሉ፣ በስልክ።

የበሰቃን መስፋፋት ለመግታት የተገኘው መላ ውሃውን በቦይ ወደ አዋሽ መልሶ ማፍሰስ ነው። በአንድ ጊዜ ከለቀቁት የሐይቁ ጨው ወንዙን ስለሚያበላሽ እየለኩ፣ እየቀላቀሉ ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከጓደኛዬ ጋር በዚያ በኩል ሄድን። ውሃው ጸጥ ብሎ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቀለም ይዞ ይወርዳል። ከዚያ በታች አዋሽ ወደ አፋር ይገባል፤ አሚባራ፣ መልካ ወረር፣ የጥጥና የስንዴ ማሳዎች አሉ፣ ያንኑ ውሃ የሚጠልፉ። ከእነሱ የተረፈው ወደ ሰሜን ይቀጥላል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ውሃው እዚያ ይተናል። ጨው ግን አይተንም።